የፖሊስ ጥፋት ካሳ ከማን ኪስ ይውጣ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

 

ለዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ በአሜሪካ፣ በተለይም ብዙ ሶማሌዎች፣ ኦሮሞዎችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ ከተማ ለዓመታት ሲያነጋግር የቆየ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ያለ ኢንሹራንስ ከግቢው መውጣት አይችልም። ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም ምናልባት እጁ ቢሳሳት ለበሽተኛው ካሳ የሚከፍል የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ይኖረዋል። ታዲያ ሽጉጥ ታጥቆ፣ ሰው የማሰርና ኃይል የመጠቀም ሥልጣን ተሰጥቶት በየመንገዱ የሚውል ፖሊስ በራሱ ስም ኢንሹራንስ እንዲገባ ለምን አይገደድም?

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብላችሁ ሬዲዮውን እንዳትዘጉት። ከእኛ ቤት ወጥተው እዚያ ከተማ ግብር የሚከፍሉ፣ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ፖሊስ መኪናቸውን የሚያስቆማቸው፣ ልጆቻቸው ደግሞ ራሳቸው የፖሊስ ልብስ መልበስ የጀመሩ ቤተሰቦች አሉ። ሁለቱንም ወገን የሚነካ ነገር ነው፤ ስለዚህም ነው ከአንድ ወገን ብቻ ቆመን ልንናገረው ያልፈለግነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንናገር።

መጀመሪያ ዛሬ ማን እንደሚከፍል እንይ። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ጎዳና ላይ፣ አንገቱ ላይ በተንበረከከ ፖሊስ ጉልበት ሥር ሕይወቱ አለፈ። ፖሊሱ ዴሪክ ሾቪን በ2021 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ታሰረ። ይህ የወንጀሉ በኩል ነው። ከዚያ ተለይቶ ቤተሰቡ የካሳ ክስ መሥርቶ ነበርና በማርች 2021 ከተማዋ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ገንዘቡ የወጣው ከሾቪን አልነበረም። ከፖሊስ ማኅበሩም አልነበረም። ሚኒያፖሊስ ለእንዲህ ያለው ነገር ከውጭ ኩባንያ ኢንሹራንስ ከመግዛት ይልቅ ከራሷ ካዝና የምትከፍል ከተማ ናትና፣ ገንዘቡ የወጣው ከነዋሪው ነው። የከተማዋ ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 430 ሺህ ገደማ ነበር። 27 ሚሊዮኑን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም እኩል ብናካፍለው በነፍስ ወከፍ ከ60 ዶላር በላይ ይደርሳል። ከሟቹ ሞት በኋላ በተነሣው ሁከት ሌክ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ ሱቁ የተቃጠለበት ስደተኛ ነጋዴም ከዚህ ዕዳ ድርሻውን ከፍሏል ማለት ነው።

ይህ የአንድ ከተማ ብቻ ልማድ አይደለም። ጆአና ሽዋርትዝ የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር ከ2006 እስከ 2011 በነበሩት ዓመታት በትልልቅ የአሜሪካ ከተሞችና አካባቢዎች ፖሊሶች ላይ ቀርበው የነበሩ የሲቪል መብት ክሶችን መርምረው ውጤቱን በ2014 አሳትመዋል። ለተበዳዮች ከተከፈለው ገንዘብ ውስጥ 99.98 በመቶውን የከፈለው መንግሥት ነበር። ከእያንዳንዱ አሥር ሺህ ዶላር ከፖሊሶቹ ኪስ የወጣው ሁለት ዶላር ብቻ ነው። ፖሊሱ ከሥራ በተባረረበት፣ አልፎም በወንጀል በተከሰሰበት ጊዜ ሳይቀር ከፋዩ ብዙውን ጊዜ መንግሥት ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ይህ አሠራር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የሚኒሶታ ሕግ አንድ ከተማ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ጠበቃ እንዲያቆምለትና ካሳውን እንዲከፍልለት ያዛል፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ካጠፋ ወይም በተንኮል ከሠራ ግን ግዴታው ይቀራል። የሕጉ ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በደቂቃ ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥ ሠራተኛ ቤቱንና ንብረቱን አጣለሁ ብሎ እየፈራ ሥራውን እንዳይሸሽ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተበዳዩ ቤተሰብ የፈረዱለትን ገንዘብ በእጁ እንዲያገኝ ነው። አንድ የወር ደመወዝተኛ ፖሊስ 27 ሚሊዮን ቀርቶ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከየት ያመጣል? ፍርዱ ወረቀት ላይ ይቀርና ሚስትየው ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ትቀራለች። ስለዚህ "ፖሊሱ ራሱ ይክፈል!" ብሎ መጮህ ለጆሮ ደስ ቢልም፣ ብቻውን ከቆመ የሚጎዳው ያንኑ የተጎዳውን ሰው ነው።

የኢንሹራንሱ ሐሳብ የተወለደው ከዚህ መሐል ነው። በ2016 በሚኒያፖሊስ የፖሊስን አሠራር ለማስተካከል የተሰባሰቡ ነዋሪዎች የከተማዋን መተዳደሪያ ቻርተር የሚያሻሽል ረቂቅ አዘጋጁና ጉዳዩ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ በሺዎች የሚቆጠር ፊርማ አሰባሰቡ። ረቂቁ እያንዳንዱ ፖሊስ በራሱ ስም የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዲይዝ ይጠይቃል። ከተማዋ መነሻውን አረቦን ልትከፍልለት ትችላለች። ነገር ግን በፖሊሱ ጠባይና ባለፈው ታሪኩ ምክንያት አረቦኑ ከመነሻው በላይ ከወጣ፣ ትርፉን የሚከፍለው ፖሊሱ ራሱ ነው። ጉዳት ሲደርስም በቅድሚያ ካሳውን የሚከፍለው የፖሊሱ ኢንሹራንስ ይሆናል።

እኛ ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የታክሲ ሹፌሮቻችን ጉዳይ ነው። አሜሪካ የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ ከኋላ ገጭተህ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ተቀጥተህ ከሆነ፣ በሚቀጥለው እድሳት ላይ የሚመጣው ሒሳብ ይጨምራል። ሦስተኛና አራተኛ ሲሆን የሚያስገባህ ኩባንያ ታጣለህ፤ ቁልፉን ለሌላ ሰጥተህ ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ። ማንም ፍርድ ቤት "ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነዳ" አላለህም። ዋጋው ራሱ ከመንገድ አወጣህ። የረቂቁ ደጋፊዎች ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ አለቃው ያልቀጣውን፣ ማኅበሩ የተከራከረለትን፣ ዳኛው ማስረጃ አነሰኝ ብሎ የለቀቀውን ሰው፣ ስሜት የሌለው የኢንሹራንስ ሒሳብ ሠራተኛ በአኃዝ ለይቶ ያወጣዋል።

ነገር ግን ረቂቁ ለድምፅ አልቀረበም። የከተማው ምክር ቤት ከስቴቱ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ በምርጫ ወረቀቱ ላይ እንዳይወጣ አደረገ። ነዋሪዎቹ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከምርጫው በፊት የምክር ቤቱን ውሳኔ አጸና፤ ምክንያቱንም በ2017 አብራርቶ ጻፈ። ፍርዱ "ሐሳቡ መጥፎ ነው" አላለም። ያለው፣ የስቴቱ ሕግ ከተማ ለሠራተኛዋ ካሳ እንድትከፍል እያዘዘ፣ የከተማ ቻርተር ደግሞ በቅድሚያ ሠራተኛው በኢንሹራንሱ ይክፈል ሊል አይችልም ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሐሳቡ ቢሠራበት ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ሾቪን በፖሊስነት የቆየው 19 ዓመት ገደማ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከ15 በላይ ቅሬታዎች ቀርበውበት፣ የቅጣት ደብዳቤ ያስከተሉት በጣም ጥቂት ነበሩ። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው በ2017 የሆነው ነው። ሾቪን አንድ የ14 ዓመት ልጅ በእጅ ባትሪ ራሱን መትቶ በጉልበቱ ተጭኖት ነበር። በዚያው ዓመት አንዲት ሴትንም እጇ በካቴና ታስሮ ሳለ እንዲሁ አድርጓታል። ፍሎይድ የሞተው ከዚያ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ተበዳዮች ከተማዋ በኤፕሪል 2023 በድምሩ 8.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች።

አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ በ2017 ይህን ቢያይ የሾቪንን አረቦን ሰማይ ያደርሰው ነበር፣ ምናልባትም አንፈልግህም ይለው ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። ግን እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ ደጋፊዎቹም በቂ መልስ ሲሰጡበት አላየንም። ሁለቱ ተበዳዮች ክሳቸውን የመሠረቱት በ2022 ነው። ኢንሹራንስ ደግሞ የሚያየው የቀረበ ጥያቄን፣ የተመዘገበ ወረቀትን ነው። ሰው ፈርቶ ወይም ማን ይሰማኛል ብሎ ዝም ካለ፣ የሒሳብ ሠራተኛው መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ዋጋ የሚያወጣው አኃዝ የሚጀምረው ከተበደለው ሰው አፍ ነው።

ኢንሹራንስ ፖሊስን ሊቆጣጠር እንደሚችል ግን ከወዲሁ የታየ ነገር አለ፤ በግለሰብ ደረጃ ሳይሆን በከተማ ደረጃ። እንደ ሚኒያፖሊስ ከካዝናቸው መክፈል የማይችሉ ትንንሽ ከተሞች ኢንሹራንስ ይገዛሉ ወይም በጋራ ፈንድ ይደራጃሉ። በሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው ሜይውድ የምትባል ትንሽ ከተማ በክስ ብዛት ምክንያት በ2010 ኢንሹራንሷን ስታጣ የራሷን ፖሊስ ጣቢያ ዘግታ ጥበቃውን ለካውንቲው ሸሪፍ አስረከበች። ከሚኒያፖሊስ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በጁላይ 2016 ፊላንዶ ካስቲል መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ በፖሊስ ተገደለ። ፖሊሱ በ2017 ከወንጀሉ ነጻ ወጣ፤ ለእናትየው ግን 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ተከፈለ። የከፈለው የሚኒሶታ ከተሞች በጋራ ያቋቋሙት የመድን ፈንድ ነው። እንዲህ ያሉ ከፋዮች ገንዘባቸው ሲነካ ዝም አይሉም፤ ሥልጠና ስጡ፣ የኃይል አጠቃቀም ደንባችሁን አስተካክሉ፣ ይህን ሰው መኪና ማሳደድ ላይ አታሰማሩት እያሉ ይመጣሉ። አለቃው የሕዝቡን ጩኸት ችሎ ሊያልፈው ይችላል። የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ግን ማለፍ ይከብደዋል።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የመሐመድ ኑርን ጉዳይ እናንሣ። ሶማሊያ ተወልዶ በልጅነቱ በስደት የመጣ፣ ፖሊስ ሲሆንም የከተማዋ ሶማሌዎች የተደሰቱበት ወጣት ነበር። በጁላይ 2017 አንዲት ሴት ከቤቷ ጀርባ ጥቃት የሚደርስባት ሰው ያለ መስሏት ፖሊስ ጠራች። ኑር ከባልደረባው ጋር መጣ፤ ወደ መኪናው የቀረበችውን ሴት በባልደረባው መስኮት በኩል ተኩሶ ገደላት። የጠራችው እሷ ነበረች። ከተማዋ በ2019 ለቤተሰቧ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ኑር የነበረው የሁለት ዓመት ያህል አገልግሎት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ዋጋው አስቀድሞ ይለየው ነበር ለማለት አንደፍርም። እንዲያውም አዲስ ፖሊስ፣ በአስቸጋሪ ሰፈር የሚመደብ ፖሊስ፣ ልክ እንደ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያዥ መነሻው ከፍ ሊልበት ይችላል። ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶች ደግሞ በብዛት የሚገኙት እዚያው አዲሶቹ ረድፍ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ኢንሹራንስ በጥቅሉ ሆን ተብሎ የተደረገን ጥፋት አይሸፍንም። እንግዲያው ጥፋቱ በጣም በከፋ መጠን፣ ኩባንያው "ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ አይመለከተኝም" ብሎ ከከፋይነት ሊወጣ ነው። ከተማዋም እንደዚሁ ብትል ቤተሰቡ በሁለት ከሳሽ በሌላቸው በሮች መሐል ይቆማል። ይህ ቀዳዳ ሳይደፈን የሚወጣ ሕግ ለእኛ ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ ኪታቦቻችን ብንመለስ ጥያቄው ለፊቅህ አዲስ እንዳልሆነ እናያለን። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ወደ በኑ ጀዚማ ተልከው ሳለ መገደል የማይገባቸው ሰዎች ተገደሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከድርጊቱ ንጹሕ መሆናቸውን ለአላህ ተናገሩ፤ የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩትም ዐሊይን (ረ.ዐ) ገንዘብ አስይዘው ላኩና ለእያንዳንዱ ደም ዲያ፣ ለጠፋው ንብረትም ካሳ ተከፈለ። ተበዳዮቹ "አጥፊው እስኪከፍላችሁ ጠብቁ" አልተባሉም።

ሁለተኛው ታሪክ ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ጋር የተያያዘ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት በሰነዱ ላይ ንግግር ቢኖራቸውም የፊቅህ ዑለሞች በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲያነሡት ኖረዋል። ዑመር አንዲትን ሴት ለጥያቄ አስጠሯት፤ ሴትየዋ በመንገድ ላይ ከፍርሃት የተነሣ ፅንሷ ወረደ። ዑመር ሶሐቦችን አማከሩ። አንዳንዶቹ "አንተ ሥርዓት አስከባሪ ነህ፤ ምንም የለብህም" አሉ። ዐሊይ ግን በዚህ አልተስማሙም፤ ካሳው አለብህ አሉ። ዑመርም የዐሊይን ሐሳብ ተቀብለው ካሳው በራሳቸው ዘመዶች ላይ እንዲከፋፈል አደረጉ። ሥልጣን ያለው ሰው አንድም ጊዜ እጁን ሳያነሣ፣ በመጥራቱ ብቻ የደረሰ ጉዳት መሆኑን አስተውሉ።

ይህ "በዘመድ ላይ መከፋፈል" ዓቂላ ይባላል። ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው ዲያውን ብቻውን አይሸከምም፤ የወገኖቹ ስብስብ በሦስት ዓመት ውስጥ በየጥቂቱ ይከፍሉለታል። ሆን ብሎ ለገደለ ግን ዓቂላ አይከፍልም። እስካሁን የተናገርነውን የኢንሹራንስ ደንብ አስታወሳችሁ? በወሎ የሐነፊ ኪታብ የቀሩ ደረሶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያውቃሉ። ዑመር በኺላፋቸው ዘመን የወታደሮችን ስምና ደመወዝ በዲዋን ካስመዘገቡ በኋላ፣ በሐነፊዎች ዘንድ የወታደር ዓቂላ የሥጋ ዘመዱ መሆኑ ቀርቶ በዚያው መዝገብ ላይ ያሉት ባልደረቦቹ ሆኑ፤ ገንዘቡም ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ሌሎች መዝሀቦች በዚህ ላይ የተለየ አቋም ያላቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ሐነፊዎቹ የሰጡትን ምክንያት ግን እንየው። ዓቂላ የሚከፍለው እርስ በርስ የሚረዳዳ ወገን በመሆኑ ነው፤ አጥፊውም የሚደፍረው በእነርሱ ተማምኖ ነውና ሳይጠብቁት በመቅረታቸው ይጠየቃሉ።

ፍሎይድ በወደቀበት ቦታ ከሾቪን ሌላ ሦስት ፖሊሶች ነበሩ። ሁሉም በአንድ መዝገብ ደመወዝ የሚበሉ ነበሩ።

"ቆይ፣ ኢንሹራንሱ ራሱ ሐላል ነው ወይ?" የምትሉን እንደምትኖሩ እናውቃለን። የእስላማዊ ኮንፈረንስ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ቋሚ አረቦን የሚከፈልበት የንግድ ኢንሹራንስ ከፍ ያለ ገረር ያለበት ነውና አይፈቀድም፤ ምትኩ በመረዳዳት ላይ የቆመው የኅብረት ዋስትና ነው ብሎ ወስኗል። ሕግ ካስገደደ ስለሚኖረው ሁኔታ ዑለሞችን መጠየቅ ነው። እዚህ የምንለው ይህን ያህል ነው፤ ፖሊሶች በአንድ ጣቢያ ወይም በአንድ ስቴት በጋራ የሚያዋጡበት ፈንድ ቢቋቋም፣ ትርፍ ከሚፈልግ ኩባንያ ይልቅ ለዓቂላው ሐሳብ ይቀርባል፤ ለሥራውም ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ኩባንያ ክስ ሲበዛበት ዋጋውን አስልቶ፣ ቤተሰቡን ቶሎ አስማምቶ፣ ፋይሉን መዝጋት ይቀለዋል። ባልደረባ ግን ከደመወዙ በየወሩ አሥር ዶላር ሲቆረጥበት የማን ጉልበት እንዳስቆረጠው በስም ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜም "ተነሣ፣ በቃህ" ለማለት ምክንያት ይኖረዋል።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ለተበዳዩ ሙሉውን ካሳ በቅድሚያ ከተማዋ ትክፈል፤ ሆን ተብሎ ሆነ በስህተት ሆነ የሚል ክርክር ቤተሰቡን አያስጠብቀው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ከፖሊሱና ከጋራ ፈንዱ ድርሻቸውን ትጠይቅ። ይህ ሕልም አይደለም፤ በከፊል የተሞከረ ነው። የኮሎራዶ ስቴት በጁን 2020 ባወጣው ሕግ፣ ድርጊቱ ሕጋዊ ነው ብሎ በቅንነትና በበቂ ምክንያት አላመነም የተባለ ፖሊስ ከካሳው 5 በመቶ ወይም 25 ሺህ ዶላር፣ ከሁለቱ አነስተኛውን፣ ከራሱ እንዲከፍል ይደረጋል። መክፈል ካልቻለ ቀሪውን መሥሪያ ቤቱ ይሸፍናል። 25 ሺህ ዶላር ለከተማ ምንም አይደለም። የአንድን ፖሊስ ቤት ግን ያናጋል፤ ቤተሰቡን ለማፍረስ ግን አይበቃም። ልኩን ያገኙት ይመስለናል። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ እያንዳንዱ ፖሊስ የግሉን ኢንሹራንስ እንዲገባ የሚጠይቅ ረቂቅ በስቴቱ ሴኔት ቀርቦ ነበር።

በአገር ቤት ያላችሁ አድማጮች "እኛስ ጋ?" እንዳትሉን፣ በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የዚህን መንገድ ግማሽ ያህል ይዟል። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተበዳዩ መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከከፈለ በኋላ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ መጠየቅ ይችላል። ጥፋቱ የግል ጥፋት ከተባለ ግን መንግሥት አይጠየቅም። አሁንም ያው ቀዳዳ ነው፤ ጥፋቱ ሲከፋ የሚከፍለው ይጠፋል።

ወደ ሚኒያፖሊስ እንመለስና እንጨርስ። ቅድም ልብ በሉት ያልናችሁ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ትርጉሙ ይህ ነው። በከተማው ምክር ቤት በር ላይ ፊርማ ማሰባሰብ ያንን መንገድ አይከፍተውም፤ መለወጥ ያለበት የስቴቱ ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚወጣው ሴንት ፖል ባለው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። ዜግነት ያላችሁ የሰፈራችሁን ተወካይ ስትመርጡ ስለዚህ ጉዳይ ጠይቁ። ዜግነት የሌላችሁም ብትሆኑ የፖሊስ በደል ሲደርስባችሁ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ለማስመዝገብ መምረጥ አያስፈልጋችሁም። ከተማዋ የፖሊስን ሥነ ምግባር የሚመረምር ጽሕፈት ቤት አላት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፖሊሱን የደረት ቁጥር፣ የመኪናውን ቁጥር፣ የነበሩትን ሰዎች ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ የሰጣችሁትን ወረቀት ግልባጭ አስቀሩ። ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ልጆቻችሁን ወይም የመስጂዳችሁን ጀመዓ አስጽፉ።

በሚቀጥለው ፕሮግራማችን፣ ኢንሻአላህ፣ በዚህ ንግግር ላይ የምትልኩልንን ጥያቄዎች ይዘን እንቀርባለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።